ሰኞ ሰኞ ካንጋሮ ስንቆጥር

ለሦስት ዓመት ያህል፣ ሰኞ በመጣ ቁጥር፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ካንጋሮ እንቆጥር ነበር። እንቆጥር ነበር ስል የሚያባርሩት፣ የሚይዙትና ጭቃ ላይ የሚንደባለሉት ሌሎች ናቸው፤ የእኔ ሥራ መጻፍ ብቻ ነበር። የጣቢያው መዝጋቢ ነበርኩ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ንጹሕ ነኝ ለማለት አይደለም። ታሪኩን እስከ መጨረሻው የሰማ ሰው ራሱ ይፈርዳል።

የእርባታ ጣቢያው ያለው በሁለት ኮረብታዎች መካከል ነው። ዝናቡ በዓመት ስምንት ወር ይዘንባል፤ የቀሩትን አራት ወራት ደግሞ ጉም ይሞላቸዋል። የታጠበ ልብስ ማድረቅ ራሱ እንደ ሙያ የሚቆጠርበት ቦታ ነው። እንግዲህ እዚህ ነው ከደረቅና ሞቃት አገር፣ በአውሮፕላን፣ በሳጥን ተደርገው አርባ ካንጋሮዎች የመጡት፤ ሠላሳ አራት ሴት፣ ስድስት ወንድ። የተፈለገው ሥጋቸውና ቆዳቸው ነበር። ትንሽ ይበላሉ፣ ትንሽ ይጠጣሉ፣ ቶሎ ይራባሉ ተባለ። ሙከራው የሦስት ዓመት ነው፤ አየሩን ከለመዱ ሌላ ሁለት መቶ ይመጣል፣ ካልለመዱ ይዘጋል።

ሳጥኖቹ ሲወርዱ የበሩ ጥበቃ ቆሞ ያይ ነበር። «እነዚህ ፀሐይ የለመዱ ፍጥረቶች እዚህ ጭቃ ላይ ምን ብለው ነው የሚዘሉት? እኛስ ራሳችን መቼ ለመድነው?» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ።

ሥራ አስኪያጃችን ሃያ ሁለት ዓመት ዶሮ ያረባ ሰው ነው። ከኋላው «አቶ እንቁላል» እንለው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ሠራተኛ ሲታመም ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቃል፣ ሲስቅ ሆዱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ችግሩ ዓለምን በሙሉ የሚያየው በዶሮ ቤት መስኮት መሆኑ ነው። ከካንጋሮዎቹ ጋር አንድ ቀጭን የመመሪያ መጽሐፍ መጥቶ ነበር። ሁለት ገጽ ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ «አሁን በዚህ ዕድሜዬ እንስሳ ማርባት ሊያስተምሩኝ ነው?» ብሎ ፋይል አድርገው አለኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት።

የእሱ መመሪያ አጭር ነበር። «ስማ» አለኝ የመጀመሪያው ሰኞ ዕለት፣ «ዶሮ እንቁላሏን ካላነሳህባት ትታቀፋለች። ከታቀፈች መጣል ታቆማለች። በየጊዜው እጅህን ከሥሯ ማስገባት አለብህ። ያልተነካ ነገር አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ ነገር ደግሞ አይራባም።»

በዚህ መሠረት ከዶሮ ቤቱ ይዞ የመጣቸው ስድስት ያዦች እያንዳንዷን ሴት ካንጋሮ እስክትደክም ድረስ ግቢውን ያዞሯታል። ስትደክም ጅራቷን አንቀው ይጥሏታል፣ በጀርባዋ ያስተኟታል፣ ከዚያ አንዱ እጁን ሆዷ ላይ ባለው ከረጢት ውስጥ ይሰዳል። ያገኘውን መዝዞ አውጥቶ ያሳየኛል። አዲስ የተወለደ የካንጋሮ ግልገል ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም፤ ፀጉር የለው፣ ዓይን የለው፣ ቀይ ነገር ነው። መዝገቡ ላይ ግን «ጾታ» የሚል ዓምድ ስላለ መጠየቅ ነበረብኝ። ያዡ ጣቱ ላይ አድርጎ ወደ ብርሃን ያዞረዋል፣ «ሴት ትመስላለች» ይላል፤ «ሴት» ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ እንደ ሳንቲም መልሶ ከረጢቱ ውስጥ ይጥላታል።

በመጀመሪያው ዓመት አሥር ትልልቆች ሞቱ። አንዳንዶቹ መንጋጋቸው አብጦ መብላት አቃታቸው፤ ሌሎቹ ሰኞ ተይዘው ማክሰኞ እግራቸው ደርቆ ተገኙ። ከከተማ የመጣው የእንስሳት ሐኪም ኮቱን ሳያወልቅ፣ «አየሩ ነው» ብሎ ሄደ። ሁሉም ሰው አበቃላቸው አለ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ግን ተአምር መጣ። ሴቶቹ መውለድ አላቋርጥ አሉ። በመጀመሪያው ዓመት ስልሳ ሦስት የመዘገብኩ ሰው፣ በሁለተኛው ዓመት ከሃያ ስድስት ሴቶች ሁለት መቶ አሥራ አንድ ውልደት ጻፍኩ። ከበላይ መሥሪያ ቤት የምስጋና ደብዳቤ መጣ። አቶ እንቁላል ደብዳቤውን በመስታወት አሳስሮ ግድግዳው ላይ ሰቀለና ያዦቹን ሰበሰበ። «አላልኳችሁም? ሲያነሱባት ነው የምትጥለው! ዶሮም በላት ካንጋሮ፣ እናት እናት ናት» አለ። አጨበጨብን።

አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅሁት። «ጌታዬ፣ ባለፈው ሳምንት ከረጢቷ ውስጥ ግልገል ነበራት፣ ዛሬ ባዶ ነው። የት ብዬ ልጻፍ?»

«አድጎ ወጥቷላ! ወደ ማሳደጊያ ተዛውሯል ብለህ ጻፍ።»

ባቄላ በሳምንት አድጎ አይወጣም። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልግም። ማሳደጊያ የሚባል አጥር ከመጋዘኑ ጀርባ አለ፤ በሩ ላይ ስሙ በትልቁ ተጽፎበታል፣ ውስጡ ግን ወገብ የሚደርስ ሣር ብቻ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔም ዝም ብዬ «ተዛውሯል» እያልኩ ጻፍኩ፤ በየገጹ ግርጌም ፈረምኩ።

ታናሽ እህቴን እዚያ ያስቀጠርኳት እኔ ነኝ። ባሏ ትቷት ከሄደ ወዲህ ከእኔና ከእናታችን ጋር ነበር የምትኖረው፤ ሥራዋ መኖ ማቅረብና ግቢ መጥረግ ነበር። ቤት ውስጥ እሳት የላሰች ናት፤ ጨው በዛ ካልካት ጦርነት ነው። እንስሶቹ ጋ ስትደርስ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ባልዲ ደፍታ፣ ጀርባዋን ሰጥታቸው ቁጭ ትልና በምላሷ ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች። ሌላው ሰው ሲያሯሩጣቸው የሚውላቸው ካንጋሮዎች አንድ በአንድ መጥተው አንገቷን ያሸታሉ። «ፊት ለፊት ለሚያያቸው ሰው አይመጡም» ትል ነበር፤ «እነሱ ጀርባ ነው የሚያምኑት።»

ሦስተኛው ዓመት በገባ በሁለተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ገባችና ጠረጴዛዬ ላይ ጣሳ አስቀመጠች።

«ቁጠራቸው፣ ጋሼ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጭቃ የነካቸው አሥራ አንድ ቀይ ነገሮች ጣሳው ሥር ተኝተዋል።

«ምንድን ናቸው?»

«የትናንት ‹ሴት ትመስላለች›ዎችህ ናቸው። ስጠርግ ያገኘኋቸው። አይጥ የቀደመኝን አልጨመርኩም።»

«አየሩ ነው» አልኳት። አፌ ላይ የነበረው ቃል ይኸው ብቻ ነበር።

«አየሩ ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነው እንዴ የሚከፋው?»

ይህን ጊዜ መጽሐፉን ከመሳቢያው አወጣሁ። ቆመን አብረን አነበብነው። አዲስ የተወለደው ግልገል ጡት ላይ ከተጣበቀ ለወራት አይላቀቅም፤ በግድ ከተመዘዘ አፉ ይጎዳል፣ ተመልሶም አይጣበቅም ይላል። ያደገው ደግሞ፣ እናቱ ከተባረረች ለመሸሽ ስትል ከረጢቷን ታላላና ትጥለዋለች ይላል። የሚቀጥለውን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። እናቲቱ ማኅፀኗ ውስጥ ሌላ ጽንስ አቆይታ ትጠብቃለች፤ ከረጢቱ ባዶ ሲሆን ያ የቆየው ማደግ ይጀምርና በወሩ ይወለዳል። ስለዚህ አንዱ ካልሞተ ሌላው አይመጣም ነበር። ተአምር ያልነው፣ መስታወት ያገባንለት፣ ያጨበጨብንለት ቁጥር የገደልናቸው ልክ ነው።

«አሁን ትነግረዋለህ?» አለችኝ።

«እነግረዋለሁ።»

አልነገርኩትም። ዛሬ ነገ እያልኩ አሳደርኩት። በየገጹ ግርጌ ያለው የእኔ ፊርማ ነው፤ መዝገቡ ውሸት ነው ማለት እኔ ውሸታም ነኝ ማለት ነው። እሷ ራሷ ሄዳ ነገረችው። እሱም ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ከሳቀ በኋላ፣ «የኔ እመቤት፣ አንቺ መኖውን አቅርቢ፤ የተወለደውን ቁጥር እኔ አውቃለሁ» አላት። ቁጥሩን የሰጠሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

እህቴ ልመናዋን ተወችና ወደ ሥራ ገባች። አንድ እሑድ፣ ገና የወለዱ ሦስት እናቶችን በምላሷ እየጠራች ወደዚያ ባዶ ማሳደጊያ ወሰደቻቸው። ለያዦቹ፣ መንጋጋቸው አብጧል፣ በሽታው በእጅ በኩል ወደ ሰው ይተላለፋል አለቻቸው። እነዚያ ስድስት ጀግኖች ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ አጥሩ ዞረው እንኳ አላዩም። እሷ ከመጋዘኑ አሮጌ ሳንቃ እያወጣች ጭቃው ላይ ረበረበች፣ ገለባ ጎዘጎዘች፣ ያረጀ ቆርቆሮ ከላይ አለበሰች። በሌላው ግቢ የሰኞው ሩጫ ቀጠለ፣ ሌሎች ሦስት ትልልቆችም ሞቱ፤ እኔም መጻፌን ቀጠልኩ።

ሰባት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት መጣችና፣ «ና፣ አፍህን ዘግተህ ተከተለኝ» አለችኝ። ማሳደጊያው ውስጥ ባልዲ ደፍታ አስቀመጠችኝ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይንጫጫል። ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ኮሌታዬ ላይ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ተሰማኝ። ቀስ ብዬ ስዞር ትልቋ እናት ከነሙሉ ቁመቷ ቆማለች፤ ከከረጢቷ ውስጥ ሁለት ጆሮና ሁለት ጥቁር ዓይን ወጥቶ ያየኛል።

እህቴ ይህችን እናት «አክስቴ» ትላታለች። ስትቆጣ አፍንጫዋን የምትነፋው ልክ እንደ አባታችን እህት ነው፤ እውነቷን ነው፣ ቁርጥ እሷን። ሌሎቹ ሁለቱም መጡ፤ የሁለቱም ከረጢት ሞልቷል። የአክስቴ ግልገል ተንጠራርቶ ወጣና ሳንቃው ላይ አራት ጊዜ ዘለለ። አምስተኛው ላይ አዳልጦት ተዘረረ፣ ተነሣ፣ ደንግጦ እናቱ ከረጢት ውስጥ በጭንቅላቱ ጠለቀ፤ ረጃጅም እግሮቹ ውጭ ቀሩ። እህቴና እኔ አፋችንን በእጃችን አፍነን ሳቅን። ከልጅነታችን ወዲህ እንደዚያ አብረን የሳቅን አይመስለኝም።

«ይለምዳሉ» አለችኝ፣ ዓይኗን እየጠረገች። «አየኸው፣ ዝናቡ ምንም አላደረጋቸውም። እነሱ ያልቻሉት እኛን ነው።»

የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ግልገሎቹ ከከረጢቱ ጨርሰው እስኪወጡ ድረስ፣ ስድስት ሳምንት፣ ማንም እንዳይነካቸው። ከዚያ በእግራቸው ቆመው ለሁሉም ይታያሉ፣ የሰኞው ነገርም ይቀራል። ስድስት ሳምንት ብቻ።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። ገምጋሚዎች ሐሙስ ይደርሳሉ፤ ወደ ማሳደጊያ የተዛወሩትን ግልገሎች ማየት ይፈልጋሉ። አቶ እንቁላል ደብዳቤውን ይዞ ቢሮዬ ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል።

«የት ናቸው?»

«እርስዎ ተዛውሯል ብለህ ጻፍ አላሉኝም እንዴ፣ ጌታዬ?»

«እኔ የጻፍኩት ነገር አለ? የማን ፊርማ ነው ይህ? አራት መቶ ሦስት ግልገል! በሐሰት መዝገብ ፍርድ ቤት የሚቆመው የፈረመው ነው፤ እንግዲህ ወዮልህ!»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር የተላክሁት። ኩበቱን ግን አንድ ቦታ አይቼው ነበር። «ሦስት አሉ» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስለ እህቴ፣ ስለ ሳንቃው፣ ስለ ገለባው ሁሉንም ነገርኩት። ግንባሬን ሳመኝ። እኔም እንደ ሰው ልደራደር ሞከርኩ። ያዦቹ እንዳይቀርቡ፣ እህቴ ብቻዋን እንድትጠራቸው፣ እንግዶቹ ከሩቅ እንዲያዩ ለመንኩት። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ማንም እጁን አይሰነዝርም» ብሎ ማለልኝ።

ቤት ስደርስ እህቴ ዕቃ ታጥብ ነበር። ስነግራት ውኃውን ዘጋችው።

«ለምን ነገርከው?»

«ልታሰር ነዋ! ደግሞስ ምን ክፋት አለው? ባለሙያ መጥቶ ያያቸዋል፣ እንደሚያድጉ ያምናል፣ አንቺ የፈለግሽው ይሄን አይደል? ዝም ብለሽ ጥሪያቸው። ካልጠራሻቸው ግን ያዦቹ ይገባሉ።»

«እጃቸውን አያስገቡም?»

«አያስገቡም።»

«ማልልኝ።»

«እናቴ ትሙት!»

«ምን አድርጌህ ነው እኔ?» አለች እናታችን ከጓዳ። እስከ ዛሬ በሕይወት አለች። መሐላም እንደ ድሮው አይሠራም።

ሐሙስ ሁለት ገምጋሚዎች መጡ፤ አንዱ ካሜራ ያንጠለጠለ ወጣት፣ ሌላዋ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያሰሩ አሮጊት ባለሙያ። እህቴ ማሳደጊያው መሐል ባልዲዋን ደፍታ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ቀጭ ቀጭ አደረገች። ሦስቱ እናቶች ከቆርቆሮው ሥር ወጥተው መጡ። ሦስት ትንንሽ ራሶች ከሦስት ከረጢቶች ብቅ አሉ። ወጣቱ ካሜራውን አነሣ። አሮጊቷ አጥሩን ይዘው እንደ ሕፃን ፈገግ አሉ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ እኔም ሌላ ሰው እሆን ነበር።

አቶ እንቁላል ግን አልቻለም። ምናልባት ሥራውን ሊያሳያቸው ፈልጎ ይሆናል፤ ምናልባት ሃያ ሁለት ዓመት የለመደ እጅ አላርፍ ብሎት ይሆናል። «ከሩቅማ ምን ይታያል? ክብደቱም ጾታውም ይታወቅ እንጂ!» አለና ወደ መጋዘኑ እጁን አወዛወዘ። ስድስቱ ያዦች «ለማንኛውም» ተብለው መረብ ይዘው እዚያ ጀርባ ቆመው ኖሯል።

ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። አንደኛዋ እናት አጥሩን በደረቷ መታችው፤ ከረጢቷ ተላላና ግልገሏ ወደቀ። ሯጩ ያዥ ዓይኑ እናቲቱ ላይ ስለነበር ሥሩን አላየም፤ በቦት ጫማው ሙሉ ረገጠው። ሁለተኛዋን በጅራቷ ጥለው ግልገሏን መዘዙት፤ አንዱ በኋላ እግሩ አንጠልጥሎ ለካሜራው ከፍ አደረገው። ግልገሉ ይጮኻል፤ ሲጮኽ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያዡ ከግልገሉ ጩኸት በላይ እየጮኸ፣ «ወንድ!» አለኝ።

እኔም «ወንድ» ብዬ ጻፍኩ። እጄ ነው የጻፈው ብል ማን ያምነኛል? ጻፍኩ።

አክስቴ አንድ ሰው ገፍታ ጣለችና አጥሩን ከነግልገሏ ዘላ ወደ ኮረብታው ጉም ገባች። እህቴ አልጮኸችም፣ አልተነሣችም። እስከ መጨረሻው እዚያው ባልዲ ላይ፣ ጀርባዋን እንደሰጠች፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር።

የመጀመሪያዋ እናት በማግስቱ ጠዋት እግሯ ደርቆ ሞታ ተገኘች። የተንጠለጠለውን ግልገል እህቴ የዱቄት ከረጢት ውስጥ አድርጋ ደረቷ ላይ አሥራ ሁለት ቀን ይዛው ዋለች። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ከረጢቱን አጥባ ገመድ ላይ አሰጣችው። ምንም አልጠየቅኋት፤ እሷም ከሐሙስ ጀምሮ ቃል አልተነፈሰችልኝም።

አሮጊቷ ባለሙያ ግን ሐሙስ ዕለቱን ከሰዓት በኋላ ብቻቸውን ቢሮዬ መጥተው ነበር። በሩን ዘጉና መዝገቡን ገጽ በገጽ አገላበጡ።

«አራት መቶ ሦስት ተወለዱ ትላለህ። የት ሄዱ?»

እስክሪብቶዬን ከደንኩ።

«ልጄ፣ ላስቀጣህ አልመጣሁም። እኔ የማጣራው እነዚህ እንስሳት እዚህ ይኖራሉ ወይስ አይኖሩም የሚለውን ብቻ ነው። ዛሬ ያየሁት ነገር ሁልጊዜ የሚደረግ ነው?»

መሳቢያው ጉልበቴን ነክቶ ነበር፤ መጽሐፉም ውስጡ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር። አፌን ስከፍት ግን፣ «ኧረ ምን በወጣን፣ እመቤቴ! ዛሬ እንግዳ ስለመጣ ነው። አየሩ ነው እንጂ፤ ይወለዳሉ፣ ብርዱ ይፈጃቸዋል» አልኩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼው ነው። አየር አይከራከርም፣ ይግባኝ አይልም፣ ሥራ አስኪያጅ የለውም። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው ጻፉ። ሲወጡ ቀለለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ራቴን ጥርግ አድርጌ በልቻለሁ።

ውሳኔው በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ሁለት አንቀጽ ነው። አንደኛው አንቀጽ፣ እንስሶቹ የአካባቢውን አየር መላመድ እንዳልቻሉ ስለተረጋገጠ ሙከራው ተዘግቷል ይላል። ሁለተኛው አንቀጽ፣ የቀሩት ሃያ ስድስት ካንጋሮዎች ካመለጡ ተራብተው አገሩን ሊያጥለቀልቁ ስለሚችሉ ለማንም እንዳይሰጡ፣ እንዳይለቀቁ፣ በአንድ ቀን እንዲወገዱ ያዛል። ወደ ኮረብታው ያመለጠችው አንዲት ሴት በዕለቱ ካልተገኘች በማግስቱ ባለ ጠመንጃና አዳኝ ውሾች ይላካሉ።

እህቴ መኖ ልታስፈርም መጥታ በሩ ላይ ቆማ ሳነብ ሰማችኝ። ከሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏን ያን ጊዜ ተናገረች።

«እዚህ መኖር ስለማይችሉ ይገደሉ። ከተለቀቁ ደግሞ እዚህ ስለሚኖሩ ይገደሉ። እንደሱ ነው የሚለው?»

«እንደሱ ነው።»

በሁለተኛው ቀን አራጁ መጣ። ግንባር ላይ ተደግኖ የሚተኮስ አጭር መሣሪያ ያለው፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ያዦቹ መረባቸውን አዘጋጁ። እህቴ ግን አራጁ ፊት ቆመች። «መረብ አያስፈልግም። እኔ እጠራቸዋለሁ፤ አንድም አይሮጥም። መጋዘኑ ውስጥ አንድ በአንድ አስገባልሃለሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ስለሚጮኽ ሌሎቹ አይሰሙም» አለችው። ቀጥላ በጣቷ እኔን አሳየችው። «የሚይዛቸው ግን እሱ ነው።»

አቶ እንቁላል ጥግ ላይ ቆሞ አለቀሰ። እንባው እውነተኛ ነበር፤ ወደ ዶሮ ቤት እንዲመለስ ደብዳቤ ደርሶት ነበር።

ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሃያ አምስት ካንጋሮ ያዝኩ። ሰው እንዴት እንደሚይዛቸው አላውቅም ነበር፤ እህቴ፣ «ከኋላ እቀፍ፤ አታንቅ» አለችኝ። እሷ በምላሷ እየጠራች ታስገባቸዋለች። እነሱ የእሷን ድምፅ ተከትለው፣ አፍንጫቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ረጋ ብለው ይመጣሉ። አንዱም አልሮጠም። አንዱም አልጮኸም። ፀጉራቸው እርጥብ ነበር፣ ከሥሩ ግን ይሞቃል። ልባቸው ክንዴ ላይ ሲመታ ይሰማኝ ነበር፤ ከዚያ አይሰማኝም።

ሃያ አምስተኛው ካለቀ በኋላ አራጁ ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ። እህቴና እኔ መጋዘኑ ውስጥ ብቻችንን ቀረን። ያን ጊዜ የኋላው በር ላይ ጥላ አየሁ። አክስቴ ናት። ቀኑን ሙሉ የእህቴን ጥሪ ከኮረብታው ላይ ስትሰማ ውላ መጥታለች። ቀጥ ብላ ገባችና የእህቴን አንገት አሸተተች። ከከረጢቷ ውስጥ ያ ግልገል አሁን በጣም አድጎ ራሱን አወጣ።

እህቴ ለቅጽበት ዓይኗን ጨፈነች።

«ማንም አላያትም!» አልኳት፣ በሹክሹክታ። «ልደብቃት። እኛ ጓሮ እወስዳታለሁ፣ እናቴም ምንም አትል። አልመጣችም እንላለን። እኔ እደብቃታለሁ፣ ተይ እህቴ፣ እባክሽ፤ ይህችን እንኳ ልደብቃት።» እያለቀስኩ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየችኝ። ቁጣ አልነበራትም፤ ቢኖራት ይሻለኝ ነበር።

«ደብቄያት ነበር እኮ፣ ጋሼ» አለች። «ደብቄያት ነበር። የት እንዳለች የተናገርከው አንተ ነህ።»

ውጭ የአራጁ ሳል ተሰማ።

«ነገ ውሻ ይዘው ይመጣሉ» አለች። «ያዛት።»

ከኋላ አቀፍኳት። ግልገሉ ውስጥ ሆኖ ክንዴን ሁለት ጊዜ ረገጠኝ። አራጁ እጁን በሱሪው እየጠረገ ገባና አየን።

«የመጨረሻዋ ይህች ናት?» አለ።

«ሁለት ናቸው» አለችው እህቴ።